ያገለገለ የስፖርት ዕቃ እንደ ዘር እህል ይቈጠር

ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ካላገኘ ጕልበቱም ሆነ ዕውቀቱ ያለ ፍሬ እንደሚቀር የታወቀ ነው። ገበሬ ያለ ማረሻ፥ ሸማኔ ያለ መወርወሪያ፥ ጸሓፊ ያለ ብዕር ምን ሊሠራ ይችላል? ሰውነቱን በሩጫና በኳስ ጨዋታ ለማጠንከር የሚወድ ወጣትም እንዲሁ ነው። ዳሩ ግን በአንድ ወገን መሣሪያ ያጣ ወጣት ሲቸገር፥ በሌላ ወገን መሣሪያ የተረፈው ሰው ዕቃውን በሣጥን ሥር ሲያሻግተው ወይም ከጥራጊ ጋር ሲጥለው እናያለን። የዛሬው ጽሑፋችን እነዚህ ሁለት ወገኖች እንዴት ባለ ሥርዓት ሊገናኙ እንደሚገባቸው የሚመለከት ነው። ነገሩንም በባሌ ደጋ፥ ይኸውም በሮቤና በጎባ በአካባቢያቸውም ላይ አድርገን እንመረምረዋለን።

ሮቤ የባሌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በቀድሞው ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጎባ ደግሞ ከሮቤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ፥ ከእርሷ ከፍ ብላ፥ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከጎባ በላይ የሰኔቲ አምባ አለ፤ ከዚያም በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይታያል። እንዲህ ያለ ቀጭን አየር ለሩጫ ምን ያህል እንደሚበጅ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የጎረቤቷ የአርሲ ምድር ምስክር ናት። ከፍታዋ ከጎባ ብዙም የማይለየው በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፥ ፋጡማ ሮባን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ለዓለም የሰጠች አነስተኛ ከተማ ናት።

እንግዲህ የአየሩ ነገር ለሁለቱም አገሮች ተቀራራቢ ከሆነ፥ ስለ በቆጂ ስናስብ ከአየሩ ሌላ ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባናል። በበቆጂ የስፖርት አስተማሪ የነበሩት አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ ልጆችን በማለዳ ሰብስበው በትዕግሥት እያሠለጠኑ ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። ስለዚህ ተፈጥሮ የሰጠችው ሀብት ወደ ፍሬ የሚደርሰው የሚያሠለጥን ሰው፥ የሚሮጥበት ሜዳና የሚጫሙት ጫማ ሲገኝለት ነው ማለት ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አሠልጣኝ በአንድ ቀን አይወለድም፤ ሜዳም በአንድ ቀን አይደለደልም። ጫማና ኳስ ግን ዛሬውኑ በሰው ቤት ተቀምጠው ይገኛሉ።

በባሌ ደጋ የትጥቅ እጦት የሚከብድበት ሌላ ምክንያት አለ። በዚያ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንደኛው ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ሐምሌ፥ ሁለተኛው ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። ስንዴው ሁለት ጊዜ የሚታጨደውም በዚህ በረከት ነው። ነገር ግን ለገበሬው በረከት የሆነው ዝናብ ለሚጫወተው ልጅ ጭቃ ነው። በካልሲና በቡትቶ የተጠቀለለው የጨርቅ ኳስ በደረቅ ቀን እንደ ምንም ይንከባለላል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፥ አይነጥርምም። ባዶ እግሩን የሚሮጠውም ልጅ በብርዱና በጭቃው ይፈተናል።

ባዶ እግር መሄድ ከጨዋታ የበለጠ ጕዳትም አለበት። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፥ በተለምዶ ከዝሆኔ ጋር የሚቈጠረው የእግር እብጠት፥ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን ያለ ጫማ በመሄድ የሚመጣ በሽታ ነው። አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህ በሽታ እንደ ነበረባቸው ገምቷል። መከላከያውም የታወቀ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለደገኛ ልጅ ጫማ ማግኘት የጨዋታ ብቻ ጕዳይ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ዕድሜ ልኩን የሚሄድበት እግር ጕዳይም ነው።

እዚህ ላይ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለምን? የኛ ልጅ ስለ ምን ጫማ ይለምናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ክርክር ልብ የሚያሞቅ ቢሆንም ታሪኩን በሚገባ ያልመረመረ ነው። አበበ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም አደባባይ ባዶ እግሩን የሮጠው በዚያን ጊዜ የቀረበለት ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲሮጥ ግን የሚስማማውን ጫማ አድርጎ ነበር፤ ከሮሙም ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ገባ። በመጋቢት ወር 2002 ዓ.ም. ሲራጅ ገና በሮም የማራቶን ውድድር ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መስመሩን ማለፉም የአበበን 50ኛ ዓመት ለማስታወስ ሲሆን፥ ያወለቀው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ሲቀረው ነው። የቀረውን 41 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ያለውን የሮጠው በጫማ ነው። እንግዲህ የአበበ ታሪክ የሚያስተምረን ጫማ እንደማያስፈልግ ሳይሆን፥ የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር እንደሚከፋ ነው። ይህን ትምህርት ከዚህ በታች ስለ ስጦታ ስንናገር እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ዕቃው የተረፈውን ወገን እንመልከት። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዚያን ጊዜውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽለው ያደረገችው ጫማ 500 የአሜሪካን ዶላር የሚሸጥ ነበር። ሠሪውም ኩባንያ ይህ ጫማ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ልምምድ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራ መሆኑን ገልጾ ነበር። ይህን ያህል ባይሆንም የተራው የመሮጫ ጫማ ዕድሜም አጭር ነው፤ አሠልጣኞች ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ። በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የማራቶን ሰው አንድ ጫማ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጨርሳል ማለት ነው። በአዲስ አበባና በየክልሉ ያሉት ክለቦች በዓመት ስንት ጫማ እንደሚጥሉ ከዚህ ሒሳብ መገመት ይቻላል።

ከሯጮቹም ሌላ ብዙ ምንጭ አለ። በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰዎችን ያሰልፋል፤ ለእያንዳንዱም ሯጭ ከነቴራ ይሰጠዋል። ይህን ከነቴራ ለዓመት ያህል ደጋግሞ የሚለብሰው ጥቂት ሰው ነው። በሮቤ የሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ ተመርቀው ሲሄዱ ቱታቸውንና የኳስ ጫማቸውን ሊተዉ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመጐብኘት የሚመጡ እንግዶችም ጠንካራ የተራራ ጫማ አድርገው ይመጣሉ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚከብዳቸውን ዕቃ የሚቀበላቸው ቢያገኙ ትተው ለመሄድ የማይጠሉ ብዙዎች ናቸው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለዘመድ ጥየቃ ሲመጡ ባዶ ሻንጣ ይዘው አይመጡም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የተረፈው ይስጥ፥ ያጣው ይቀበል ተብሎ ሊደመደም ይችላል። ነገር ግን በዓለም ላይ የታየው ልምድ እንዲህ በችኰላ እንዳንፈርድ ያስጠነቅቀናል። ጋርዝ ፍሬዘር የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ1981 እስከ 2000 በአፍሪካ ለታየው የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች መዳከም 40 በመቶ ያህሉ ምክንያት ከሀብታም አገሮች በስጦታ ተሰብስቦ የሚላከው ልባሽ ልብስ መሆኑን አመልክተዋል። ደግ ሰው በቸርነት ያወጣው ልብስ ባሕር ተሻግሮ የሌላውን አገር ሰፊ ሥራ አስፈታው ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ለንግድ የሚሆን ልባሽ ልብስ ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ የአገር ውስጥ ሠራተኛን ለመጠበቅ የሚረዳ ሕግ ነው። ሰልባጅ የሚባለው ልብስ በኮንትሮባንድ እየገባ በየገበያው መታየቱ የሕጉን ምክንያት አይሽረውም።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ በተቀባዩ ልብ ላይ የሚደርሰው ነው። ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቻቸው በኤል ሳልቫዶር ጫማ በነፃ ስለ ተሰጣቸው ልጆች ባደረጉት ጥናት፥ የቤተሰባቸውን ፍላጎት ሌላ ሰው ሊያሟላላቸው እንደሚገባ የተናገሩት ጫማ ካልተሰጣቸው ልጆች 66 በመቶ ሲሆኑ፥ ከተሰጣቸው ልጆች ግን 79 በመቶ ነበሩ። ጫማው እግርን ሲሸፍን አሳብን ወደ ሰው እጅ አዘነበለ። ይህን ስንል መስጠትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ምጽዋትም ሆነ ሰደቃ በሃይማኖታችን የታዘዘ፥ በባህላችንም የከበረ ነው። የምንለው አሰጣጡ ይታሰብበት ነው።

በአገራችንም ብዙ ጊዜ የምናየው አሰጣጥ የሚከተለው ነው። አንድ ቀን ሰው ይሰበሰባል፥ ንግግር ይደረጋል፥ ኳሱና ማሊያው በጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ኳሱ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ጫማው 43 ቍጥር ሆኖ 38 ለሚያደርግ ልጅ የደረሰ እንደ ሆነ የሚለውጥለት የለም። ኳሱ በእሾህ ሲወጋ የሚጠግነው፥ መንፊያውም የት እንደ ተቀመጠ የሚያውቅ አይገኝም። እንዲህ ያለው ስጦታ እንደ ተበላ እንጀራ ነው፤ ለዕለቱ ያጠግባል፥ ለነገ ግን የሚተርፍ የለውም።

እኛ የምንለው ያገለገለ የስፖርት ዕቃ እንደ ዘር እህል ይቈጠር ነው። የባሌ ገበሬ የዘርን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዘር የተበደረ ሰው በዘሩ ይሠራል እንጂ አይበላውም፤ መኸር በገባ ጊዜም መልሶ ለሌላው ዘሪ ያደርሰዋል። የሚመለሰው ያችው ፍሬ አይደለችም፤ ከእርሷ የበቀለችው ናት። ጫማም እንዲሁ ያልቃል፤ በጫማው የሮጠው ልጅ ግን ያድጋል። ያ ልጅ ክለብ ገብቶ ደመወዝ ሲቈረጥለት ለተነሣበት ትምህርት ቤት አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ ቢመልስ፥ ዘሩ በቀለ ማለት ነው። ክለብ ያልገባውም መምህር ወይም ነጋዴ ወይም ገበሬ ሆኖ አንድ ኳስ መመለስ አያቅተውም።

ለዚህ አዲስ ሥርዓት ከባሕር ማዶ መፈለግ አያስፈልገንም፤ በየሰፈራችን አለ። እድር፥ በአንዳንድ ስፍራም አፎሻ የሚባለው ማኅበር፥ ድንኳኑን፥ ወንበሩን፥ ብረት ድስቱንና ሳሕኑን በጋራ ገዝቶ በአንድ ቤት ያስቀምጣል። አባል ሐዘን ወይም ሠርግ ሲደርስበት ዕቃው በመዝገብ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ አጥቦና ቈጥሮ ይመልሳል፤ የሰበረ ይተካል። ዕቃውን የወሰደ ሰው በውሰቱ አያፍርም፤ ያቀረበውም አይመካም፤ ንብረቱ የሁሉ ነውና። ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት ይህን ያህል የተራቀቀ ሥርዓት የፈጠረ ሕዝብ፥ ስለ ኳስና ስለ ታኬታ ጫማ ሊያቅተው ምክንያት የለም።

ሥርዓቱን በአጭሩ እንደሚከተለው ልናቀርበው እንችላለን።

አንደኛ፥ በየትምህርት ቤቱ ወይም በየቀበሌው ቍልፍ ያለው አንድ የዕቃ ክፍል ይኑር። ቍልፉንም አንድ ሰው ብቻ አይያዘው፤ የስፖርት መምህሩ፥ አንድ የወላጅ ተወካይና አንዲት ሴት ተማሪ በጋራ ይጠብቁት። ሴት ተማሪ እንድትኖር ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃ በሚያንስበት ስፍራ ኳሱም ሜዳውም በወንዶች እጅ እንደሚቀር፥ ሴቶቹም ከዳር ቆመው እንደሚያዩ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ገርልስ ጎታ ረን የተባለው ድርጅት ሥራውን የጀመረው ለኢትዮጵያውያን ሴት ሯጮች ጫማ በመስጠት ነበር፤ በኋላ ግን በበቆጂና በሶዶ ሴት ልጆችን በትምህርት ቤት እንዲቈዩ ወደ መርዳት ሥራውን አሰፋ። ከዚህም ጫማ ብቻውን በር እንደማይከፍት፥ ለሴት ልጅ ትምህርቷና የሚያበረታታት ሰው አብረው እንደሚያስፈልጉ እንረዳለን።

ሁለተኛ፥ የሚሰጥ ሰው ለራሱ ልጅ ሊያደርግለት የማይወደውን ዕቃ አይስጥ። ጫማ በጥንዱ ይሁን፤ ቍጥሩም ይጻፍበት፤ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ የእግር ፈንገስ በእርጥብ ጫማ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋልና። ሶሉ ጨርሶ ያለቀ፥ ተረከዙም ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ጫማ የሚሮጥን ልጅ ጕልበት ይጎዳል፤ ለመሄጃ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለልምምድ አይሰጥ። አንድ ጊዜ የተመታ የብስክሌት ራስ መከላከያ ቆብ ውጭው ደኅና ቢመስልም ውስጡ የተሰበረ ሊሆን ስለሚችል ከቶ አይወሰድ። የትልቅ ሯጭ ጫማም 700 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ከሚሰጥ፥ 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ቢሰጥ እውነተኛ እርዳታ ይሆናል። የአበበ ቢቂላን ጫማ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ የማይስማማ ስጦታ ለተቀባዩ ሸክም ነው።

ሦስተኛ፥ የተሰበረውን የሚጠግን ባለሙያ ይኑር፤ ደመወዙም ይከፈለው። በሮቤና በጎባ ገበያ ወስፌና ማስቲሽ ይዘው የሚውሉ ጫማ ሰፊዎች አሉ፤ ሶል ይለጥፋሉ፥ የተቀደደውን ይሰፋሉ፥ የቈዳ ኳስም ይጠግናሉ። የዕቃው ክፍል በየወሩ ጥቂት ጫማ ቢልክላቸው ያገለገለው ዕቃ የሠራተኛን እንጀራ ሊነሣ ቀርቶ እንጀራ ይሆንለታል። ፍሬዘር የነገሩን ጕዳት መድኀኒቱ ይህ ነው፤ ስጦታው ሥራን ይዞ እንዲመጣ ማድረግ።

አራተኛ፥ የወሰደ በስሙ ይፈርም፥ የውድድሩ ጊዜ ሲያበቃም ይመልስ። እግሩ ያደገበት ልጅ ጫማውን ለታናሹ ያውርድ፥ ከታላቁም ይቀበል። የማይጠገን ሲሆን ክሩና ማሰሪያው፥ ሶሉና ጨርቁ ለሌላው መጠገኛ ይዋል። ገንዘብ የሌለው ልጅም ስለ ውሰቱ ሜዳ በመጥረግ፥ ማሊያ በማጠብና ኳስ በመንፋት ይክፈል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ልጁ የጋራ ንብረት ጠባቂ መሆኑን ይማራል፤ በኤል ሳልቫዶር የታየውም የአሳብ ማዘንበል እንዳይደርስበት ይረዳዋል።

አምስተኛ፥ የዕቃው ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይገናኙ። ለጎባ ብርድ የሚበጀው ወፍራም ቱታ ወደ ቈላማው የመዳ ወላቡ ወረዳ፥ ወደ ብድሬ ቢላክ አያስፈልግም፤ በብድሬ የሚፈለገው ስስ ማሊያ ደግሞ በጎባ ማለዳ ልጅን አያሞቅም። በሮቤ የተረፈው ትንሽ ቍጥር ጫማ በዲንሾ ሲፈለግ ሊገኝ ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደሚባለው፥ በአንድ ስፍራ የተከመረው ዕቃ በሚገባ ከተከፋፈለ ሸክምነቱ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ማድረግ ውርደት ይመስላቸዋል። አባቶቻችን ግን እንዲህ አላሰቡም። የፈረስ ኮርቻና ልጓም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር፤ አሮጌነቱም ክብሩ ነበር እንጂ ነውሩ አልነበረም። የገና ጨዋታ ዱላ ከዱር ተቈርጦ ይመጣል፤ ሩሩም በእጅ ይሠራል። የመኪና ጎማ ባለቀ ጊዜ ባለ እጆቻችን በረባሶ የሚባለውን ጠንካራ ጫማ ሠርተውበታል። ይህን በረባሶ መነሻ አድርጋ ቤተ ልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመሠረተችው ሶልሬብልስ የተባለው ድርጅት ካሮጌ ጎማ በተቈረጠ ሶል ጫማ እየሠራ ለውጭ አገር ገበያ አቅርቧል። ሌላው ዓለም ዛሬ አካባቢን ለመጠበቅ ሲል በብዙ ድካም የሚማረውን፥ ይኸውም የተጣለውን መልሶ ጠቃሚ ማድረግን፥ የኛ ጫማ ሰፊ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ሲሠራው ኖሯል።

ይሁን እንጂ ስለ አሮጌው ዕቃ ይህን ያህል ስንናገር አዲሱ ይቅር ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ለትምህርት ቤቶች የስፖርት ዕቃ የሚመደበው ገንዘብ «ሕዝቡ አሮጌ ይሰጣል» ተብሎ የሚቀነስ ከሆነ፥ የሕዝቡ ቸርነት የባለሥልጣኑ ሰበብ ሆነ ማለት ነው። አሠልጣኝ ማሠልጠን፥ ሜዳ መከለል፥ የሜዳንም ቦታ ለሕንጻ ከሚፈልግ ሰው መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው። ጫማ ቢሞላ ሜዳ ከሌለ የት ይሮጣል? እንዲሁም በትውልደ ኢትዮጵያውያን ወይም በውጭ ክለቦች የሚላከው የስፖርት ዕቃ ለንግድ እንዳልሆነ በሚገባ ከተረጋገጠ በኋላ በጕምሩክ መጋዘን ውስጥ እንዳይሻግት፥ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አጭርና ግልጽ የሆነ መንገድ ሊያዘጋጁለት ይገባል። መንገዱ ግልጽ ካልሆነ ቅኑ ሰው ይሰለቻል፤ በስጦታ ስም ሰልባጅ የሚያስገባው ግን አይሰለችም።

የወረዳና የከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም ሥራቸው በርክክቡ ቀን አያብቃ። ዕቃ በተሰጠ በስድስተኛው ወር መዝገቡን ይመርምሩ፤ ስንት ጫማ እንደ ወጣ፥ ስንት እንደ ተመለሰ፥ ስንት እንደ ተጠገነ፥ ከተዋሱት ስንቱ ሴቶች እንደ ሆኑ ይጠይቁ። የስጦታ ቀን ፎቶግራፍ ከሚነሣ ይልቅ የስድስተኛው ወር መዝገብ ቢታተም ለሰጪውም ለተቀባዩም የበለጠ ያስተምራል። ሰጪው ዕቃው በሥራ ላይ መዋሉን ሲያይ ዳግመኛ ለመስጠት ልቡ ይነሣሣል፤ የጠፋ እንደ ሆነም ማን ዘንድ እንደ ጠፋ ይታወቃል።

እንግዲህ የባሌ ደጋ ሰዎች ሆይ፥ ለመጀመር የሚጠበቅ ትልቅ ነገር የለም። የሮቤና የጎባ እድሮች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከድንኳኑና ከወንበሩ መዝገብ ጎን ለኳስና ለጫማ የሚሆን አንድ ገጽ ይክፈቱ። የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች ሻንጣቸውን ከመዝጋታቸው በፊት ማሊያቸውን አጥበው ያስረክቡ። በአዲስ አበባ ያሉት የአገሩ ተወላጆች ለበዓል ሲሄዱ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ጥንድ የታጠበ ጫማ ይያዙ፤ ሲይዙም ቍጥሩን አስቀድመው ይጠይቁ። የተቀበለው ልጅም ያየው ሰው ቢኖር ባይኖር በአደራ ይያዘው። መኸር የሚሰበሰበው ዘር ተጠብቆ የተገኘ እንደ ሆነ ነው፤ ዘሩን የበላ አገር ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ቢዘንብለት የሚያጭደው የለውም።